ሠላሳ ሺህ ፊርማ ያስገኘው መናፈሻ

ዛሬ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ቁርሱን ቀምሶ፥ ልጆቹን በእጁ ይዞ፥ ወዴት ወጣ ልበል ብሎ የሚያስብበት ሰዓት ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል፤ ለእርሱ ጥያቄው ቀላል ነው። አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከነቤተሰቡ የሚኖረው ግን ከደጃፉ ብቅ ሲል የሚቀበለው መንገድ ነው፤ ከመንገዱም ማዶ ያለው የሌላ ሰው ግድግዳ ነው። ልጆቹ ኳሳቸውን ታቅፈው «አባባ፥ የት እንጫወት?» ብለው ሲጠይቁት መልስ ያጥረዋል።

ይህ ጥያቄ የአንድ ከተማ ብቻ አይደለም። ሕዝብ የበዛባቸው ታላላቅ ከተሞች ሁሉ በየጊዜያቸው ተጠይቀውታል። ከእነዚህም አንዷ የእንግሊዝ ዋና ከተማ ሎንዶን ነበረች። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ የፈለግነው፥ በምሥራቅ ሎንዶን የሚኖረው ድኻ ሕዝብ ለምኖ፥ ፈርሞና ጠብቆ አንድ ትልቅ መናፈሻ እንዴት እንዳገኘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ምዕራቡና ምሥራቁ

በ1830ዎቹ ዓመታት ሎንዶን በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በምዕራብ በኩል ቤተ መንግሥቱ፥ የመሳፍንቱ ቤቶችና ሰፋፊው መንገድ ይታያል። ሃይድ ፓርክን፥ ግሪን ፓርክንና ሴንት ጄምስ ፓርክን የመሳሰሉት የዘውድ መናፈሻዎችም የሚገኙት በዚያው በምዕራቡ ነበር። በምሥራቅ በኩል ግን የመርከብ ወደቡ፥ ፋብሪካውና የሠራተኛው ሰፈር ተጨናንቀው ይገኛሉ። በስፒታልፊልድስና በቤትናል ግሪን ሰፈሮች የሐር ሸማኔዎች ዕቃቸውን በሚያድሩበት ቤት ውስጥ ተክለው፥ በዚያው ይሠራሉ፥ በዚያው ይበላሉ፥ በዚያው ይተኛሉ። ከውጭ አገር የሚገባው ሐርና የመኪናው ሽመና ስለ በረታባቸውም ኑሮአቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየቈረቈዘ ይሄድ ነበር። ከተማው ወደ ምሥራቅ እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ ቀድሞ ልጆች ይሯሯጡበት የነበረው ሜዳ ሁሉ በቤት ላይ ቤት ተሠራበት።

በ1833 የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ሕዝብ መዘዋወሪያ ስፍራዎች የሚመረምር ኮሚቴ አቁሞ ነበር። ኮሚቴውም በምሥራቁ ክፍል ለሕዝቡ የሚበቃ መዘዋወሪያ እንደሌለ ገልጾ አመለከተ። ይሁን እንጂ ማመልከትና መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ዓመታት አለፉ፤ የምሥራቁም ልጆች በጭቃው መንገድ ላይ መጫወታቸውን ቀጠሉ።

ሙታንን የቈጠረው ሐኪም

ነገሩን የቀሰቀሰው አንደበተ ርቱዕ ፖለቲከኛ ሳይሆን፥ ቍጥር ሲደምርና ሲቀንስ የሚውል አንድ ሰው ነው። ዊሊያም ፋር ይባላል፤ ትምህርቱ ሕክምና ነበር። በእንግሊዝ አገር ከ1837 ጀምሮ የሚወለደውና የሚሞተው ሰው ሁሉ በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ ስለ ተደረገ፥ ፋር በዚሁ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሞቱን ምክንያት ከሰፈር ሰፈር ያስተያይ ጀመር።

በ1839 በታተመው የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ ዓመታዊ ዘገባ ላይ ፋር ያገኘውን ጻፈ። በምሥራቅ ሎንዶን አንድ መናፈሻ ቢሠራ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው በብዙ ሺህ ሊቀንስና የሕዝቡም ዕድሜ ሊረዝም እንደሚችል ግምቱን ሰጠ። ለባለጠጎቹም የማይረሱትን ቃል ጨመረላቸው፤ ይኸውም በምሥራቅ የሚነሣው ወረርሽኝ በምሥራቅ አይቀመጥም፤ ወደ ምዕራቡ ተሻግሮ ሰፊ መንገድና ሰፊ ግቢ ባላቸውም ሰዎች ላይ ይደርሳል የሚል ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ ይገባናል። በዚያን ዘመን የነበሩት ሐኪሞች እንደ ኮሌራ ያሉ በሽታዎች የሚመጡት ከተበላሸ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ፋርም የሚያምነው ይህንኑ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ኮሌራን የሚያዛምተው የተበከለ ውሃ ነው። እንግዲህ ፋር ስለ በሽታው ምክንያት ተሳስቶ ነበር፤ ነገር ግን ሕዝብ ታፍኖ የሚኖርበት ሰፈር ቀባሪው እንደሚበዛ ቍጥሩ በትክክል ነግሮታል። ኋላም በ1866 በምሥራቅ ሎንዶን ኮሌራ ገብቶ ከ5,000 በላይ ሰው በገደለ ጊዜ፥ የሞቱን ቍጥር መርምሮ ጣቱን በአንድ የውሃ ኩባንያ ላይ ከቀሰሩት ሰዎች አንዱ ራሱ ፋር ነበር። የቀድሞ አስተያየቱን በማስረጃ ለመለወጥ ያላፈረ ሰው ስለ ሆነ ስሙን በክብር እናነሣዋለን።

ድር ቢያብር

የፋር ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ጆርጅ ፍሬድሪክ ያንግ የተባለ፥ በላይምሀውስ መርከብ የሚያሠራና ቀደም ሲል በፓርላማ የተቀመጠ ሰው በ1840 የሰፈሩን ሰዎች ሰበሰበ። በስብሰባውም ለንግሥት ቪክቶሪያ አቤቱታ እንዲቀርብ ተወሰነ። ንግሥቲቱ ዙፋን ከያዙ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር።

አቤቱታው በቀረበ ጊዜ በሥሩ 30,000 ሰው ፈርሞበት ነበር። አንባቢያችን ይህን ቍጥር እንደ ቀላል እንዳያልፈው እንለምናለን። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ የለም፤ ስልክ የለም። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ፥ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ መዞር ነበረበት። አብዛኛው የዚያ ሰፈር ወንድ፥ ሴቶቹ ደግሞ በሙሉ፥ በፓርላማ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። ለእነዚህ ሰዎች ስማቸውን በአቤቱታ ላይ ማኖር በአገራቸው ጉዳይ የመናገሪያ አንዱ መንገዳቸው ነበር። በአገራችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ይህን ተረት ከሸማኔ ሰፈር ይልቅ የሚያውቀው ማን አለ?

የመስፍኑ ቤት ተሸጦ

አቤቱታው ተሰማ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት ይገኛል የሚለው ነው፤ መልሱም የሚያስገርም ሆኖ ተገኘ። በሴንት ጄምስ አጠገብ፥ ለንጉሡ ልጅ ለዮርክ መስፍን ተብሎ የተጀመረ ዮርክ ሐውስ የሚባል ታላቅ ቤት ነበረ። መስፍኑ በ1827 ስለ ሞተ ቤቱ ወደ ሌላ መኰንን ተላልፎ ነበር። በ1841 በወጣው ሕግ መሠረት ይህ ቤት ለሰዘርላንድ መስፍን በ72,000 ፓውንድ እንዲሸጥና ገንዘቡ ለምሥራቁ መናፈሻ የሚሆን መሬት እንዲገዛበት ተፈቀደ። ከምዕራቡ ሎንዶን እጅግ ካማሩት ቤቶች በአንዱ ዋጋ የምሥራቁ ሕዝብ ሜዳ አገኘ። ቤቱ ዛሬ ላንካስተር ሐውስ ይባላል።

የተገዛው መሬት 290 ኤከር፥ ማለት ወደ 117 ሄክታር ይሆናል፤ በቀድሞው የአገራችን አለካክ ሦስት ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። ከፊሉ የጓሮ አትክልት የሚበቅልበት፥ ከፊሉ ጡብ የሚሠራበትና ጠጠር የሚቈፈርበት ጐድጓዳ ስፍራ ነበር። የዕቅዱን ሥራ የያዘው ጄምስ ፔነቶርን የተባለ የሕንፃ አዋቂ ነው።

ነገር ግን ዕቅዱ አንድ እንከን ነበረበት። የዘውድን መሬት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ከተገዛው መሬት ከዳር ዳሩ ቈርሶ፥ ለሀብታሞች መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶች እንዲሠሩበት በኪራይ ለመስጠት አሰበ። ይህም መናፈሻውን በራሱ ገቢ ለማሠራት ነው ተባለ። ለድኻ ተብሎ የተገዛ መሬት ገና ዛፉ ሳይጸድቅ ወደ ሌላ ሰው እጅ የሚያልፍበት በር ተከፈተ ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሕዝቡ ሳይጠራ ገባ

መናፈሻው በንግሥቲቱ ስም ቪክቶሪያ ፓርክ ተብሎ በ1845 ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ሪባን አልተቈረጠም፤ መድፍም አልተተኰሰም። ችግኙ ገና ጥላ የማይጥል ቀጭን ነበር፤ ሕዝቡ ግን ዛፉ እስኪያድግ አልጠበቀም። ሜዳው ክሪኬት በሚጫወቱ ወጣቶች፥ መንገዱ ልጆቻቸውን በታቀፉ እናቶች ተሞላ። ኵሬዎቹ በተቈፈሩ ጊዜ ደግሞ ገላ መታጠቢያ የሌለው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በማለዳ እየመጣ ይታጠብባቸውና ይዋኝባቸው ነበር። በ1862 አንጀላ በርዴት ኩትስ የተባሉ ባለጠጋ ወይዘሮ ሕዝቡ ንጹሕ ውሃ እንዲጠጣበት በመናፈሻው መካከል ትልቅ የውሃ ምንጭ አሠሩ፤ ያ ሕንፃ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

መናፈሻው የመናፈሻ ብቻ ሳይሆን የመናገሪያም ስፍራ ሆነ። በ1848 ለሠራተኛው የምርጫ መብት የሚጠይቁት ቻርቲስቶች በዚያ ሊሰበሰቡ ቢቀጥሩ መንግሥት ከልክሎ ፖሊስ አሰለፈ። እየዋለ እያደረ ግን እሑድ እሑድ ሰባኪው፥ የሠራተኛ ማኅበር መሪውና ተከራካሪው ሁሉ በየዛፉ ሥር ቆሞ የሚናገርበት፥ ሕዝቡም ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ የሚያዳምጥበት አደባባይ ሆነ። ባለቅኔው ዊሊያም ሞሪስ በዚያ ከተናገሩት አንዱ ነበር። ሰፊ ሳሎን የሌለው ሕዝብ ሳሎኑን በሜዳ ላይ አደረገ።

አሁን ወደ ዳር ዳሩ መሬት እንመለስ። ለቤት ሥራ ተከልሎ የቈየው ቦታ ሊሠራበት እንደ ሆነ በተሰማ ጊዜ የአካባቢው ሰው እንደገና ጮኸ። ጩኸቱም ከንቱ አልቀረም፤ በ1872 ወደ 10 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በከተማው ሥራ ቦርድ ተገዝቶ ከመናፈሻው ጋራ ተቀላቀለ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ፊርማ እስከዚህ 32 ዓመት መሆኑ ነው። በ1840 በእናቱ ጀርባ የነበረ ሕፃን ጐልምሶ የልጆች አባት የሚሆንበት ጊዜ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያም በስማቸው የተጠራውን መናፈሻ በ1873 ጐበኙት።

ከቪክቶሪያ ፓርክ እስከ ሥላሴ

በዚህ መናፈሻ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያ አንባቢ የምታውቃት አንዲት ሴት ትገኛለች። ሲልቪያ ፓንክረስት ለሴቶች የምርጫ መብት ስትታገል የምትኖረው በዚያው በምሥራቅ ሎንዶን ነበር። በግንቦት ወር 1914 ሴቶቹ ወደ ቪክቶሪያ ፓርክ በሰልፍ ሲሄዱ፥ ፖሊስ ሲልቪያን እንዳይነጥቃቸው ሰውነታቸውን ከእርስዋ ጋራ በሰንሰለት አስረው ከበቡዋት። ፖሊሶቹ ግን ቍልፎቹን ሰብረው ወሰዷት።

ይህችው ሴት ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ዝም አላለችም። አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀችበት ዕለት፥ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን፥ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣዋ የመጀመሪያ ቍጥር ወጣ፤ በዓመታቱም ሁሉ ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት ተሟገተች። ኋላም በ1948 ዓ.ም. መጥታ በአዲስ አበባ ተቀመጠች፤ በ1953 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች። በቪክቶሪያ ፓርክ ሜዳ ላይ ለድኾች ሴቶች የጮኸው ድምፅ ለእኛም የጮኸልን መሆኑን ስናስብ፥ ያ ሩቅ መናፈሻ የባዕድ አይመስለንም።

ያደገው ዛፍ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመናፈሻው ውስጥ የአውሮፕላን መምቻ መድፍ ተተክሎበት ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን 1978 ደግሞ የዘር ልዩነትን የሚቃወሙ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች ከትራፋልጋር አደባባይ በእግር መጥተው በሙዚቃ በዓል ተሰበሰቡበት። እስከ 2012 ባሉት ዓመታትም ወደ 12 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበት ኵሬዎቹና አሮጌ ሥራዎቹ ታድሰዋል። ዛሬ ስፋቱ 86 ሄክታር ያህል ሲሆን፥ የሚያስተዳድረው የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ነው። የሰፈሩም ሰው «የሕዝብ መናፈሻ» እያለ ይጠራዋል።

ከዚህ ታሪክ የምንቀስመው ትምህርት ብዙ ቃል አይፈልግም። የመጀመሪያው፥ መናፈሻ ለባለጠጋ ጌጥ ሲሆን፥ ግቢ ለሌለው ሰው ግን የቤቱ አንድ ክፍል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ፈራሚዎቹ ሥራቸው በፊርማ ያላለቀ መሆኑ ነው፤ ባይነቁ ኖሮ ዳር ዳሩ ተቈርሶ ያልቅ ነበር። ሜዳ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ሲጠበቅ ግን ዘወትር ነው።

ሦስተኛውን በልባችን ስንተወው አንወድም። በ1840 ከፈረሙት ሠላሳ ሺህ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ሳይቀመጡ አልፈዋል። የተቀመጡት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። አንባቢያችንም ከሰፈሩ ባዶ ቦታ አጠገብ ሲያልፍ፥ ወይም ልጁ «የት እንጫወት?» ብሎ ሲጠይቀው፥ እነዚያን ሸማኔዎች ያስታውሳቸው ዘንድ እንመኛለን።