ጂምኒ ውስጥ ማደር

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አስኮ መናኸሪያ ብትደርሱ ወደ አምቦ መስመር ከሚወጡት መኪኖች አንዳንዶቹ መስታወታቸው በጭጋግ ተሸፍኖ ታገኛላችሁ። ጭጋጉ ያለው ከውስጥ በኩል ነው። እዚያ ያደረው ረዳት ትንፋሽ ነው፤ መኪናውን ሲጠብቅ ጋቢውን ተከናንቦ ወንበር ላይ ተኝቷል። መኪና ውስጥ ማደር እኛ አገር በሽርሽር አልተጀመረም። የረዳቱና የከባድ መኪና ሹፌሩ የሥራ ባልደረባ ሆኖ የቆየ ነገር ነው፤ እኔም ከማውቀው ግማሹን የተማርሁት እነሱን ጠይቄ ነው። ቀሪውን ያስተማረችኝ ጂምኒዬ ናት።

ጂምኒ የጃፓኑ ሱዙኪ የሚሠራት ትንሽ ጂፕ ናት። የመጀመሪያዋ፣ ኤል ጄ 10 የምትባለው፣ በ1962 ዓ.ም. ስትወጣ 359 ሲሲ ሞተርና 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት። ሱዙኪ ንድፏን ከባዶ አልጀመረውም፤ ሆፕ ከተባለ አነስተኛ የጃፓን ኩባንያ ገዝቶ ነው ያሻሻለው። በጊዜው በጃፓን ዝቅተኛ ግብር የሚከፈልባቸው ትንንሽ መኪኖች ርዝመት ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ሕጉ ይገድብ ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ ስኮርታ ጎማውን ከኋላ ሊያንጠለጥሉት አልቻሉም። ወደ ውስጥ አስገቡት። የአንድ ሰው መቀመጫ ለጎማው ተሰጠና መኪናዋ ሦስት ሰው የምትይዝ ሆነች።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ትንሽ መኪና ውስጥ ለማደር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስኮርታው የት እንዳለ ነው። አዲስ አበባ በታክሲነቷ የምታውቃት ላዳ እህት፣ በ1969 ዓ.ም. የወጣችው ኒቫ፣ ስኮርታዋን ኮፈን ሥር ከሞተሩ በላይ አስቀምጣ ሆዷን ለዕቃና ለሰው ትታለች። ብልህ ዘዴ ነው። ጂምኒም የኋላ ኋላ ጎማዋን ከበሯ ውጭ ሰቅላ ቦታውን ለሰው መለሰች።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. የወጣችው አራተኛዋ ትውልድ እንኳ፣ ለውጭ ገበያ የምትሠራዋ፣ ስኮርታው ሳይቆጠር 3 ሜትር ከ48 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። ያልተለወጠው አጥንቷ ነው። አካሏ በራሱ በቆመ ሻንሲ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክሰል አላት፤ ለጭቃና ለዳገት የሚሆን ከባድ ማርሽ ለብቻው አላት። ድሮ በባሌስትራ ትነጥር የነበረችው ዛሬ በሞሎ ትሄዳለች። የዚሁ ዘር የሆነች ሳሙራይ ተሻሽላ በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በሁለት ቺሊያውያን እጅ ኦሆስ ዴል ሳላዶ ተራራ ላይ 6,688 ሜትር ወጥታለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያሉትን ጠብቀን ይዘን መቆየት አለብን።

አልጋው እንዲህ ይነጠፋል። የፊት ወንበሮቹን የራስ መደገፊያ ትነቅላላችሁ። ወንበሩን ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ጀርባውን ስትጥሉት ከኋላው ወንበር መቀመጫ ጋር ይገጥማል። ራስ ወደ ኋላ፣ እግር ወደ መሪው። የእግር ማስቀመጫው ጉድጓድ በሻንጣ ይሞላል፤ በወንበሮቹ መጋጠሚያ ያለው ስርጉድ ደግሞ በተጠቀለለ ልብስ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ካምቢዮና የእጅ ፍሬን መሐላችሁ ስለሚገቡ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ መደብ ላይ ትተኛላችሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው፤ ትንሽ ካልታጠፍሁ አልበቃም፤ ግን እተኛለሁ።

ከሥር የሚነጠፈው ከላይ ከሚለበሰው ይበልጣል። ብዙ ሰው ብርድ ልብስ ይደራርብና ከታች ብርዱ ሲገባበት ያድራል። እኔ አጎዛ አነጥፋለሁ፤ የበግ ጠጉር አየር ይዞ ስለሚያሞቅ፣ ከወንበሩ ስርጉዶችም ጋር ስለሚስማማ፣ ከገበያ ከሚገዛው ስፖንጅ እመርጠዋለሁ። ከላይ ጋቢ። አራት ድርብ ጥጥ መሆኑ መልካም ነው፤ ጉዳቱ እርጥበት መጠጣቱ ነው። እርጥበቱ ከየት ይመጣል?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በቆዳው የሚያወጣው ውኃ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ይሞላል። ሁለት ሰው ሲሆን ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ተረጨ ማለት ነው። ውጭው በታህሳስ ውርጭ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መስታወቱንና የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ሆኖ ይወርዳል። የመጀመሪያ ሌሊቴን ብርድ ፈርቼ መስኮቱን ሁሉ ጠርቅሜ አደርሁ። ሌሊቱ ሲጋመስ ከጣሪያው ግንባሬ ላይ ጠብ ሲል ነቃሁ። ጋቢዬ ረጥቧል፤ ራሴ ይወቅረኛል። ከመስኮቱ ይልቅ የራሴ ትንፋሽ ነበር ያበረደኝ። ከዚያ በኋላ በግራ በኩል አንድ፣ በቀኝ በኩል አንድ መስኮት የሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ነው የምተኛው። ንፋሱ አቋርጦ ያልፋል፤ ብርዱ ይጨምራል፤ ግን ደረቅ ብርድ ነው፤ ደረቁን ብርድ አጎዛና ጋቢ ይችሉታል።

ከዚህ የሚከፋውን ግን ዓይን አያየውም። አስኮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ጂምኒዬ ዳገት ላይ የምትደክመው፣ እኛም የምናለከልከው ለዚህ ነው። በዚህ ስስ አየር ላይ የከሰል ጭስ ሲጨመር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ይመጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ደም ውስጥ ኦክስጅን በሚያዝበት ቦታ ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። የተኛ ሰው አይነቃም። ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው ስለቀሩ ሰዎች ያልሰማ አዲስ አበቤ የለም፤ መኪና ደግሞ ከየትኛውም ክፍል የጠበበች ናት። ፍም ያለበት ምድጃ፣ ቡና ማፍያም ቢሆን፣ መኪና ውስጥ አይገባም። ለማሞቂያ ብሎ ሞተር አስነሥቶ መተኛትም እንዲሁ ነው፤ ማርሚታው ዝጎ ከተቀደደ ወይም ቧንቧው ጭቃ ከያዘ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ይህን ለሚጠይቀኝ ወጣት ሁሉ ሳልሰለች እደግመዋለሁ።

ወደየት ይኬዳል? ከአስኮ ቡራዩን፣ የገፈርሳን ግድብና መናገሻን አልፋችሁ ሆለታ ስትደርሱ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሸካራ መንገድ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ይወስዳል። ደኑ የወጨጫን ተራራ የሸፈነ የጥድ ጫካ ነው፤ ጉሬዛና ድኩላ አለበት። በትውፊት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከመውጣቴ በፊት ግን መናኸሪያው ጎራ ብዬ የመንገዱን ሰላም ሹፌሮችን እጠይቃለሁ። ትናንት ማታ ያንን መንገድ የነዳ ሰው የሚያውቀውን ማንም አያውቀውም። «ዛሬስ ተመለስ» ካሉኝ እመለሳለሁ። ከመሸም አልነዳም።

ባለፈው ዓመት ከወንድሜ ጋር በዚያው አቅጣጫ መሸብን። አንድ አባት አጥራቸው ሥር ቆመው አገኘናቸው። ወንድሜ ኦሮምኛ ስለሚችል ሰላምታውን እሱ አቀረበ፤ እኔ በአማርኛ ቀጠልሁ።

«የመሸበት እንግዳ ነን አባባ። እዚህ ሜዳው ላይ መኪናችን ውስጥ እንደር?»

መኪናዋን ዞረው አዩዋት። «ቤት እያለ? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

ልናስረዳቸው ሞከርን፤ አልተዋጠላቸውም። በመጨረሻ ራት ከቤታቸው በልተን መኪናዋን ከአጥራቸው ውስጥ አስገብተን እንድናድር ተስማማን። ትልቁ ልጃቸው ሁለት ድንጋይ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ወሸቀልን። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙረን ነበር ያቆምናት፤ ባትሪ ቢደክም በማርሽ ገፍቶ ለማስነሣት ይቀላል። ሌሊት ጅብ ከወንዙ ማዶ ጮኸ፤ የግቢው ውሻ መለሰለት። ወንድሜ ሁለቴ ተገላበጠ፣ ሁለቴም ጉልበቱ ካምቢዮውን መታው።

ሲነጋ ሁለቱንም በር ከፈትን። መስታወቱ ትንሽ ብቻ ላብ ነበረበት። ሞተሩን አስነሥተን ወርደን አጎዛዎቹን ኮፈኑ ላይ አሰጣናቸው፤ ከሥር ሞተሩ፣ ከላይ የወጨጫ ፀሐይ እያሞቃቸው ደረቁ። አባባ በትር ተደግፈው ወጥተው ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰሱና፣ «አሁን ገባኝ፤ ለካ ምድጃዋ ውጭ ነው» አሉ።