የወታደሩ ማስታወሻና የጋራ ንባብ

የጦር ሜዳ ማስታወሻ በአንድ ግለሰብ መደርደሪያ ላይ ተዘግቶ ሊቀመጥ የሚገባው ንብረት አይደለም። ጦርነትን የሚዋጋው ብዙኃኑ ሕዝብ እንደ መሆኑ መጠን፣ ስለ ጦርነት የተጻፈውም ቃል ወደ ብዙኃኑ መመለስ ይኖርበታል። ይህን የምንለው ለአነጋገር ማማር አይደለም። ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዶዮገናና በመሰል የከምባታና የሀዲያ ከተሞች፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ መመርመር ተገቢ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ለመሆኑ አንባቢው ማን ነው? በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ዜጎች ለስድስት ወራት ሠልጥነው ለሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ ይደነግግ ነበር። ምልመላውን የሚያካሂዱት ደግሞ ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት ስለነበሩ፣ አዋጁ በየጎጆው ደጃፍ ደረሰ። ከእንሰት ጓሮው ተነሥቶ ወደ ታጠቅ፣ ወደ ጦላይ ወይም ወደ ብርሸለቆ ማሠልጠኛ የሄደው ወጣት፣ የተነገረው ሁለት ዓመት ጦርነቱ በመቀጠሉ ምክንያት ብዙ ጊዜ ተራዘመበት። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ወደ ሲቪል ሕይወት ተመለሰ። ያልተመለሰም አለ። መርዶ ስላልተነገረው ለቅሶ ያልተቀመጠ፣ ተስፋም ያልቆረጠ ቤት በየመንደሩ ይገኛል።

እነሆ ሻለቃ ማሞ ለማ የጻፉትን «የወገን ጦር ትዝታዬ»ን የመሰለ መጽሐፍ እንዲህ ባለ ከተማ ሲገባ ተራ የንባብ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ናደው ዕዝ አፍአበት ላይ የደረሰበትን ሽንፈት፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ የሆነውን በሩቁ የሰማ ሰው አለ። በቦታው ቆሞ ያየውም አለ። መምህሩ አንብቦ ለጎረቤቱ ያውሰዋል፤ ጎረቤቱ ለቀድሞው ወታደር ያቀብለዋል፤ እርሱም ሁለት ገጽ አንብቦ ያጥፈውና የራሱን መናገር ይጀምራል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ምክንያት ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ነጥብ አለ። ማስታወሻ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ መኮንኑ ነው። መኮንኑ ጦርነቱን የሚያየው ከካርታውና ከሬዲዮ መገናኛው አጠገብ ሆኖ ነው፤ በኋላ ሲጽፍም የራሱን ውሳኔ መከላከሉ፣ ጥፋቱን ወደ በላይ አለቃው መግፋቱ ያለ ነገር ነው። ጥይት ተሸክሞ ተራራ የወጣው ተራ ወታደር ግን፣ በዚያ ቀን ውሃ ያልደረሰው መሆኑን ያስታውሳል። ስለዚህ መጽሐፉ በአንድ አንባቢ እጅ ብቻ ቢቀር ከሙግቱ አንዱ ወገን ብቻ ተሰማ ማለት ነው። መጽሐፍ ያዋሰ ሞኝ፣ የመለሰ የባሰ ሞኝ የሚለው የከተሜ ቀልድ ስንኳን ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ለልብ ወለዱም አይበጅም!

በጋራ ማንበብ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከምባትኛና ሀዲይኛ ከእነዚሁ መካከል ነበሩ፤ በየገበሬ ማኅበሩም የንባብ ቤቶች ተቋቁመው ነበር። በየከተማው መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ሱቆችም ብዙ አንባቢ አፍርተዋል። ነቢይ መኮንንማ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተጻፈውን ዝነኛ ልብ ወለድ በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ ለእስረኛ ጓደኞቹ አካፍሏል፤ ይኸው ትርጉም በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሟል። እስረኛ ይህን ካደረገ፣ መብራትና ወንበር ያለው የመንደር ነዋሪ ምን ይሳነዋል?

ዋናው ችግር የቋንቋው ነው። ማስታወሻው የተጻፈው በአማርኛ ሲሆን፣ ነገሩ ከማንም በላይ የሚመለከታት እናት የምትሰማው በከምባትኛ ነው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በቡና ሰዓት አንድ ምዕራፍ አንብቦ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ቢነግራት፣ «ያ ስፍራ የእኔ ልጅ የነበረበት ነው» የምትልበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ቁስል የሚነካ ንባብ ነው፤ አንባቢው ሳያስፈቅድ ሊጀምረው አይገባም። መጽሐፉን በስልክ መቀባበልም ለወጣቱ ይመቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ዓይኑ የደከመውን አረጋዊና ፊደል ያልቆጠረችውን እናት በስልክ ቅጂ አንደርሳቸውም።

እንግዲህ መጽሐፉ ብቻውን እንዳይዞር እንመክራለን። አንድ ደብተር ይከተለው። አንብቦ የጨረሰ ሰው የሚያውቀውን ዘማች ስም፣ የወጣበትን ቀበሌ፣ የሠለጠነበትን ስፍራ፣ የነበረበትን ክፍለ ጦር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የት እንደታየና ማን እንዳየው ይጻፍ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ተሳስቷል የሚለውንም ገጹን ጠቅሶ ያስፍር። የማያውቀውን በግምት አይሙላ። ለባለቤቱ ቤተሰብ ሳይነገር ስለ ሞት የተጻፈ ቃል በአደባባይ እንዳይነበብም ጥንቃቄ ይደረግ። ደብተሩን ለመያዝ ከእድር የተሻለ አናገኝም፤ የአባላቱን ስም መዝግቦ መያዝና ለቅሶን በወግ ማስተናገድ የዘወትር ሥራው ነውና። በአፍአበት የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ ወደ ስድሳ ተጠግቷል፤ ሠላሳ የነበረው ሰባ ሊሞላው ነው። ንባቡ መጀመር ያለበት ከእነርሱ ሲሆን፣ መምህራኑና ተማሪዎቹ ተራቸውን ቢጠብቁ የሚጎዱት ነገር የለም።