አንድ ማርያም፣ ሁለት እጅ፦ የጣናው መነኩሴ እና የቬኒሱ ሠዓሊ

"የህዳሴ ዘመን ሥዕል" ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ። ሞናሊዛ ትመጣለች፣ ሚካኤል አንጄሎ ይመጣል፣ ፍሎረንስ ትመጣለች። ፍሬ ጽዮን ግን አይመጣም።

ፍሬ ጽዮን ማነው? ጣና ላይ፣ ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነበረ መነኩሴ እና ሠዓሊ ነው። ለእኛ ለደቡብ ጎንደር ልጆች ሩቅ አገር አይደለም፤ አዲስ ዘመን አጠገብ ካለው ጣራ ገዳም ወደ ምዕራብ ወረድ ካላችሁ ጣና ነው። የኖረው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ (1434–1468) ነው። በዚያው ዘመን ፍሎረንስ ውስጥ ሌላ መነኩሴ ሠዓሊ፣ ፍራ አንጀሊኮ፣ የሳን ማርኮን ገዳም ግድግዳ ይስል ነበር። ሁለቱም መነኮሳት፣ ሁለቱም የሚስሉት ማርያምን። ሥራቸው ግን ጭራሽ አይመሳሰልም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኢትዮጵያ እና የጣሊያን ሥዕል ጎን ለጎን ሲለጠፍ ክርክሩ የታወቀ ነው። አንዱ "ከነሱ ነው የቀዳነው" ይላል፣ ሌላው "እነሱ ናቸው ከኛ የቀዱት" ይላል። እስቲ ክርክሩን ትተን መጀመሪያ ማየት እንልመድ። ሦስት ነገር ብቻ እንይ።

1ኛ፦ ብርሃኑ ከየት ነው?

የፍራ አንጀሊኮን ሥዕል ዙም አድርጉ። ብርሃን ከአንድ ወገን ይመጣል፣ በሌላው ወገን ጥላ ይወድቃል፣ ቅስቶቹ ወደ ውስጥ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ተመልካቹ በመስኮት ወደ ሌላ ክፍል የሚያይ ይመስለዋል።

የፍሬ ጽዮን ሥዕል ላይ ጥላ የለም፣ ርቀትም የለም። መስመሩ ጥርት ያለ፣ ቀለሙ የተሞላ ነው። ማርያም ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ ሚካኤል እና ገብርኤል ከግራ ከቀኝ ይቆማሉ። በእሱ እና በተከታዮቹ ሥዕሎች ማርያም አበባ ትይዛለች፣ ሕፃኑ ወፍ ይይዛል ወይም የእናቱን አገጭ ይነካል። ታዲያ ይሄ "ጥላ መሳል ስላልቻለ ነው" ማለት ነው? አይደለም። ሥዕሉ የተሠራው ለጌጥ ወይም ለማስደነቅ ሳይሆን ፊቱ ቆመው እንዲጸልዩበት ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ለማርያም 33 በዓላት ደንግጎ፣ ሥዕሏ እንዲከበር አዞ ነበር። እንዲህ ላለ ሥዕል የሚያስፈልገው ሩቅ የሚያሳይ መስኮት ሳይሆን ፊት ለፊት የሚያይህ ፊት ነው።

2ኛ፦ ዓይን ስንት ነው?

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል። ክፉ ሰው፣ ይሁዳ ወይም ሰይጣን፣ ፊቱን በጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ይታያል። ትልልቆቻችን ይሄን ሳይማሩ ነው የሚያውቁት።

አሁን ጣሊያን ሂዱ። ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ የኡርቢኖውን መስፍን ፌዴሪኮን በጎን አድርጎ ነው የሳለው። እዚያ የጎን ፊት የክብር ነበር፤ በጥንት ሳንቲም ላይ ያሉት የሮም ነገሥታት እንደዚያ ናቸው። መስፍኑ አንድ ዓይኑን በውጊያ ጨዋታ አጥቶ ስለነበር የተጎዳውን ጎን መደበቂያም ሆኖለታል። የእኛ አገር ምእመን ግን ያንን ሥዕል ቢያይ "ይሄ ሰውዬ ምን በድሎ ነው?" ማለቱ አይቀርም። አንድ ዓይነት አሳሳል፣ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም።

3ኛ፦ ሕፃኑ በየትኛው ክንድ?

እዚህ ላይ ነው የቬኒሱ ሰው የሚገባው። ኒኮሎ ብራንካሊዮን ይባላል፤ እዚህ መርቆርዮስ ተብሏል። አገራችን የገባው በ1480 አካባቢ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520 በአፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ሲያገኘው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ቋንቋውን ያውቃል፣ ርስት አለው፣ ሰው ያከብረዋል።

ብራንካሊዮን ፊት ላይ ጥላ ያደርጋል፣ ልብሱን እጥፋት በእጥፋት ይስላል። የጣሊያን ትምህርቱ ያስታውቃል። ግን በጊዜው ፋሽን እንደነበሩት የፍሎረንስ ሠዓሊዎች አይደለም፤ እንደ ድሮዎቹ የቬኒስ ሠዓሊዎች ነው።

ከ250 ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ብራንካሊዮን አንድ ነገር ጽፏል። ማርያምን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ይዛ ሳላት፣ ሕዝቡም "ጌታን እንዴት በግራ!" ብሎ ተቆጣ ይላል። በእኛ ግራ ዝቅ ያለው ወገን ነው፤ እንኳን ጌታን፣ እንጀራም በግራ አይጎረስም። በቬኒስ ግን ከቁስጥንጥንያ የመጣ የቆየ ልማድ ስለነበር ማንም ልብ አይለውም።

ታዲያ ማን ከማን ቀዳ?

መንገዱ ባዶ አልነበረም። የአፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ደርሰዋል። በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ የኢትዮጵያ መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል፤ ምስላቸው ዛሬም በቫቲካን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ አለ። ሰው ከሄደ ሥዕልም፣ ሐሳብም አብሮ ይሄዳል። ግን ፍሬ ጽዮን ብራንካሊዮን ከመምጣቱ በፊት ስሙን ሥዕሉ ላይ ጽፎ ነበር። "ሥዕል ያስተማረን ጣሊያኑ ነው" የሚለው ወሬ በዓመተ ምሕረት ብቻ ይፈርሳል። ብራንካሊዮንም በበኩሉ ለ40 ዓመት የሳለው ለእኛ ጸሎት፣ በእኛ ልማድ ውስጥ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበው

በዚያው ዘመን አንድ እውነተኛ የአውሮፓ ሥዕል ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር፦ የእሾህ አክሊል የደፋ፣ ራሱን ያዘነበለ ክርስቶስ። ኵርዓተ ርእሱ ይባላል። የሳለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአውሮፓ እጅ ነው፤ እኛ ጋ ግን ወንጌላዊው ሉቃስ የሳለው ተደርጎ ተከበረ። የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምታሉ፣ መኳንንት ይምሉበታል፣ የጎንደር ሠዓሊዎች ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጋግመው በራሳቸው እጅ ሳሉት። ባዕድ የነበረው ሥዕል በቃ የእኛ ሆነ።

ደብረ ታቦርን መቀመጫው ያደረገው አፄ ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ ሲሞት፣ የእንግሊዝ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ወሰደው፤ ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትን እና ይሄን ሥዕል ጠየቁ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን "አልተገኘም" ተባለ። ሆልምስ ቤት ነበር። በኋላ ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፣ በመጨረሻም ፖርቱጋል፣ ግለሰብ እጅ ገባ።

አውሮፓዊ ስለሳለው "የነሱ ነው" የሚል ይኖራል። ግን ሥዕልን የሚያነበው ማን ነው? 300 ዓመት የጸለየበት፣ የማለበት፣ የዘመተበት ሕዝብ ነው ትርጉሙን የሰጠው።

ማየት ለምትፈልጉ፦ የብራንካሊዮን ሥራ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ደጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ ስለዚህ ሴት እህቶቻችን ፍሬ ጽዮንን ማየት የሚችሉት በፎቶ ነው። ያም ሆኖ ጥሩ ፎቶ ብርቅ ነው። በየሰፈራችሁ ደብር የቆየ ሥዕል ካለ አለቃውን አስፈቅዱ፣ ፍላሽ አጥፉ፣ የደብሩን ስም እና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ሥዕል ቢጠፋ "ይሄ የኛ ነው" ማለት የሚቻለው ማስረጃ ሲኖር ነው። አፄ ዮሐንስ በእጃቸው ፎቶ አልነበራቸውም። እኛ ግን አለን።