ወሮቹ ወደ ታች ሲወርዱ

ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በደቡብ ጎንደር ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ነበሩ። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በዓመት 6 ወር ያህል በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ እርከን ይሠራል፣ የጠለፋ ቦይ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠግናል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። ክፍያው በእህል በሚሆንበት ጊዜ በቀን 3 ኪሎ ይቆጠራል፤ እናም 5 ነፍስ ያለበት ቤት በወር 75 ኪሎ ይደርሰዋል። ይህ ሁሉ በስምና በቁጥር መመዝገብ አለበት።

መዝጋቢው ሠንጠረዡን ሲያሰምር እጁ በልማድ የሚሄድበት መንገድ አለ። የአባወራና የእማወራ ስም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት እያለ እስከ ሰኔ ያለው ደግሞ ወደ ጎን ይዘረጋል። አንድ ቤት በአንድ ረድፍ ይጠቃለላል። ለሰው ዓይን ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም፤ «የእኔ የሚያዝያው የት ደረሰ?» ብሎ ለመጣ ሰው ጣትን በስሙ ላይ አስቀምጦ ወደ ቀኝ መሄድ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው ከአንድ ቤት ሲሰፋ ነው። በመጋቢት በሦስቱ ወረዳዎች ስንት ኩንታል ተከፋፈለ? የነፋስ መውጫ ገበያ የገብስ ዋጋ በወጣባቸው ወራት ክፍያው ደርሶ ነበር? ይህን ለመመለስ የወሩን ዋጋ ከወሩ ክፍያ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። በሰፊው ሠንጠረዥ ውስጥ ግን «ወር» የሚባል ዓምድ የለም፤ ወሮቹ የዓምድ ስም ሆነው ተበትነዋል። ኮምፒውተሩ የዓምድ ስም ሆኖ የተቀመጠን ነገር እንደ መረጃ አይቆጥረውም።

መፍትሔው ሠንጠረዡን ማርዘም ነው። በኢኮኖሚክስና በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ስታታ ለዚህ «ሪሼፕ ሎንግ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ በነፃ በሚገኘው አር ደግሞ «ፒቮት ሎንገር» ያንኑ ይሠራል። ስታታ ሦስት ነገር ብቻ እንዲነገረው ይፈልጋል። አንደኛው የዓምዶቹ ስም የሚጋራው ግንድ ነው፤ ዓምዶቹ እህል5፣ እህል6 እያሉ እስከ እህል10 ከሄዱ ግንዱ «እህል» ይሆናል። ሁለተኛው ቤቱን ከቤት የሚለየው መለያ ቁጥር፣ ሦስተኛው ከ5 እስከ 10 ያሉት ቁጥሮች የሚሰፍሩበት አዲስ ዓምድ ስም ነው፤ «ወር» እንበለው። ትእዛዙ ሲሰጥ አንዱ ረድፍ ስድስት ይሆናል፤ ስድስቱ የእህል ዓምዶች ወደ አንድ ይሰበሰባሉ። «ሪሼፕ ዋይድ» ደግሞ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ጥርን በስሙ ሳይሆን 5 ብዬ የጻፍኩት ለማሳጠር አይደለም። ወሮቹ በስማቸው ከገቡ ኮምፒውተሩ የሚደረድራቸው በፊደል ገበታ ቅደም ተከተል ነው፦ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ የካቲት፣ ግንቦት፣ ጥር። የክፍያው የመጀመሪያ ወር መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ በዚህ የተሠራ የመስመር ግራፍ የሚያሳየው ወጣ ገባ ጨርሶ ያልነበረ ነው።

እስከዚህ ያለው የማሽን ሥራ ነው። ከባዱ ነገር ባዶው ሳጥን ነው።

ለምሳሌ ያህል ስማዳ ውስጥ 5 ነፍስ ያለበት አንድ ቤት እንውሰድ። በአምስቱ ወራት 75፣ 75 ኪሎ ተጽፎለታል፤ የመጋቢት ሳጥን ባዶ ነው። ሠንጠረዡ ሲረዝም ለመጋቢትም ረድፍ ይፈጠርለታል፤ መጠኑ ግን ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። ስታታ አማካይ ሲያሰላ ባዶውን ይዘለዋል፤ 375 ለ5 ተካፍሎ 75 ኪሎ ይወጣል፣ ቤቱ ሙሉ ድርሻውን ያገኘ ይመስላል። አንዱ ባለሙያ ባዶውን በ0 ቢሞላው ደግሞ 375 ለ6 ይካፈልና 62.5 ይሆናል። ልዩነቱን የወለደው የሒሳብ ስሕተት አይደለም። ቤተሰቡ ሥራ ላይ ሳይገኝ ቀርቶ ነው? ክፍያው ዘግይቶ ገና ሳይደርሰው ነው? ወይስ ጸሐፊው ሳይሞላው ቀረ? ሦስቱም አንድ ዓይነት ባዶ ሳጥን ያስቀምጣሉ፤ የትኛው እንደሆነ ሊናገር የሚችለው ቀበሌው ነው። እኔ ብጠየቅ ለሦስቱ ሦስት የተለያየ ምልክት ገና በወረቀቱ ላይ እንዲሰጥ አደርግ ነበር፤ ፋይሉ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ማጣራት ግምት ነው።

ባዶ ሁሉ ግን እንዲህ ከባድ አይደለም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት የሴቶች ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዷ ሴት የ20 ልጆች ቦታ ወደ ጎን ተዘርግቶ ተቀምጧል። 3 የወለደች እናት ፋይሏ ሲረዝም 17 ባዶ ረድፍ ይተርፋታል፤ እነዚያ ያልተወለዱ ልጆች ናቸውና ያለ ሐሳብ ይሰረዛሉ። የሴቶቹን ፋይል የለመደ ተንታኝ በዚያው እጁ የሴፍቲኔቱን ባዶ ረድፍ ሲሰርዝ ክፍያ የቀረባቸው ወራት አብረው ይጠፋሉ።

ትእዛዙ እሺ የማይልበት ጊዜም አለ። አንድ መለያ ቁጥር ለሁለት ቤት ተሰጥቶ ከሆነ፣ ወይም ረጅሙ ሠንጠረዥ ወደ ሰፊው ሲመለስ አንድ ቤት በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከተገኘ፣ ስታታ መለያው እንደማይለይ ተናግሮ ይቆማል። የተቸኮለ ሰው ተደጋጋሚውን ሰርዞ ያልፋል። እዚያ ቦታ ላይ መቆም ነበረበት፤ በአንድ ቀበሌ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ ምን ይገርማል? የተሰረዘው ረድፍ የአንደኛው የዓመት ቀለብ ሊሆን ይችላል።

እዚያው ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ እስቴ ላይ ደግሞ ራሱ ረድፉ ተሰንጥቋል። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ እስቴ አንድ ወረዳ ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ ምሥራቅ እስቴና ምዕራብ እስቴ ሆኖ ተቆጠረ። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ዓምድ አድርጎ ማስቀመጥ የሚቻለው ሁለቱን አዳዲስ ወረዳዎች መልሶ በመደመር ነው፤ አለዚያ እስቴ በ12 ዓመት ውስጥ ነዋሪዎቿን ያጣች፣ ሁለት ወረዳዎችም ከምንም የበቀሉ ይመስላሉ። የአጻጻፉ ነገርም ቀላል አይደለም። የታች ጋይንቷን ከተማ አንዱ «ዓርብ ገበያ» ሌላው «አርብ ገበያ» ብሎ ከጻፋት ለሶፍትዌሩ ሁለት ከተማ ናት። ወረዳን በስም ሳይሆን በኮድ ማያያዝ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ኮዱም ቢሆን ፋይሉ ወደ ሌላ ሰው ሲላክ መንገድ ላይ ይጎዳል። ስታታ «ኤክስፖርት ኤክሴል» ሲባል ካልተነገረው በቀር የዓምዶቹን ስም እንኳ አይጽፍም። የረዘመ ሠንጠረዥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይችልም፣ አዲሱ ግን 1,048,576 ይይዛል። 11,000 ቤት ያለው ሰፊ ሠንጠረዥ በአሮጌው ውስጥ ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ በ6 ወር ሲረዝም 66,000 ይሆንና ሞልቶ ይፈሳል። ቀልድ አይደለም፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም መጨረሻ ላይ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎችን ከዕለታዊ ቁጥሯ ያጎደለችው በዚሁ አሮጌ የፋይል ዓይነት ሳቢያ ነው።

በነጠላ ሰረዝ የሚለያየው የሲኤስቪ ፋይል የረድፍ ገደብ የለበትም፤ አደጋው አከፋፈቱ ላይ ነው። በሁለት ጠቅታ ሲከፈት ኤክሴል 0302ን፣ የአማራ ክልል የደቡብ ጎንደር ዞንን ኮድ፣ ቁጥር መስሎት 302 ያደርገዋል። ፋይሉ የግዕዝ ፊደልን በሦስት ሦስት ባይት በሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት የተጻፈ መሆኑ ካልተነገረው ደግሞ ነፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ የሚሉት የከተማ ስሞች ነጥብና ጭረት የለበሱ የላቲን ፊደላት ክምር ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ ኤክሴል ተከፍቶ ፋይሉ በ«ዳታ» ዝርዝር በኩል ይገባል፤ ዩቲኤፍ-8ን መምረጥም፣ የኮዱ ዓምድ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ መሆኑን መንገርም የሚቻለው እዚያ ላይ ነው።