ካፊያ፣ የወንዝ ሙላትና የትምህርት ቀን

በሁሩሙና በአካባቢው ትምህርት የሚያስተጓጉለው የአየር ጠባይ ዝናብ ነው። ሁሩሙ የምትገኝበት ኢሉባቦር በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ሲሆን ከመቱ በስተደቡብ ያለችው ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይዘንብባታል። የትምህርት ዘመኑ መስከረም ተጀምሮ ሰኔ ያልቃል፤ ለክረምቱ የተተዉት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። እዚህ ግን ዝናቡ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ገብቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ ግንቦት፣ ሰኔና መስከረም ልጆች እየዘነበባቸው የሚማሩባቸው ወራት ናቸው።

ካፊያ ትምህርት ቤት ሊያዘጋ አይገባም። ለካፊያ የሚዘጋ ትምህርት ቤት ከዓመቱ እኩሌታውን ሊያጣ ነው። ልጆቹም ለምደውታል፦ ደብተር በፌስታል ተጠቅልሎ ከሸሚዝ ሥር ይገባል፣ ኮንጎ ጫማ ጭቃ ሲይዘው ወልቆ በእጅ ይያዛል። ዶፍ ሲወርድ ቆርቆሮው የመምህሩን ድምፅ ይውጠዋል፤ መምህሩ ዝም ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ቀኑ ሙሉ ባይሆንም ባዶ አይደለም።

አደጋው ያለው መንገድ ላይ ነው። የሶር ወንዝ ወደ ገባ ወንዝ ይፈስሳል፣ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይሠራል። ወደ እነዚህ ወንዞች የሚወርዱትን ጅረቶች የገጠር ልጅ በግንድ ድልድይ ወይም በእግሩ ይሻገራቸዋል። የትምህርት ቤቱ ግቢ ፀሐይ እየሞቀ፣ ከላይ ጫካው ውስጥ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ደጅ ላይ የሚጥለውን ዝናብ አይቶ መወሰን የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ መታየት ያለበት መሻገሪያው ነው።

ሌላም አገር ነገሩ ያው ነው። አማርኛ ከሰማይ የሚወርደውን ድንጋይ መሳዩንም ጥጥ መሳዩንም በረዶ ይለዋል፤ ጥጥ መሳዩ በስሜን ተራሮች አናት ላይ አልፎ አልፎ ይታያል እንጂ ትምህርት አያዘጋም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ አትላንታ ግን እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2014 ሰባት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ በረዶ ተሽመደመደች። ጠዋት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ እኩለ ቀን ላይ ተማሪውም ሠራተኛውም ባንድ ጊዜ ወጣ፣ መንገዱ ተጣበበና ብዙ ልጆች በትምህርት ቤትና በአውቶቡስ ውስጥ አደሩ። ያን ያህል በረዶ ሚኒሶታ ውስጥ ተራ ነገር ነው፤ በዚያው ወር ግን የግዛቲቱ ገዥ ለከባድ ብርድ ሲሉ ትምህርት ቤቶቹን ሁሉ ዘግተዋል። አትላንታን የጎዳት የበረዶው ብዛት ሳይሆን ውሳኔው ልጆቹ ከቤት ከወጡ በኋላ መምጣቱ ነው።

ሁሩሙ ላይም ውሳኔው ለወንዙ ቅርብ ከሆነ ሰው፣ ከርዕሰ መምህሩና ከወላጆች ተወካዮች፣ በማለዳ መምጣት አለበት። ከወንዝ ማዶ የሚመጡ ልጆች በሙላት ቀን እንደ ቀሪ ሊቆጠሩ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ከሞላ ደግሞ ትንንሾቹን ብቻቸውን መልቀቅ ሕይወታቸውን ለዕድል መስጠት ነው፤ ወላጅ እስኪመጣ ግቢ ውስጥ፣ ካልሆነም ዘመድ ቤት ይቆዩ።

የጠፋው ቀን በማካካሻ ይመለሳል፤ ጊዜው ግን ይታሰብበት። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡና ይደርሳልና ብዙ ልጅ ለለቀማ ከክፍል ይቀራል። መንገዱ ደርቆ ቡናውም የሚገባው ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ የማካካሻ ቅዳሜዎች እዚያ ቢውሉ ልጆቹ ይገኛሉ።