ልጁ ደብተሩን አልከፍትም ሲል

ይህ ነገር በብዙ ቤት የሚደርስ ነው። ልጁ ከብቱን አግብቶ፣ በሶውን ጠጥቶ ከምድጃው ዳር ይቀመጣል። «የቤት ሥራህስ?» ሲሉት «ራሴን አመመኝ» ይላል። አባት «ሰነፍ!» ብሎ ይቆጣል። እናት «ተወው እስቲ፣ ደክሞታል» ትላለች። ደብተሩ እንደተዘጋ ያድራል። በማግስቱ ልጁ መምህሩን ፈርቶ መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን የቀረ ልጅ በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ይፈራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ በየመንደሩ አለ። አንድ ቀን ተነሥቶ «ትምህርት በቃኝ» ያለ ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እምቢታውን ስንፍና ነው ብላችሁ ቶሎ አትፍረዱ። ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «እስቲ ጥያቄውን አንብብልኝ» በሉት። ማንበብ ካቃተው ችግሩ ፊደል ላይ ነው። አንብቦ ሲያበቃ ዝም ካለ ሥራው አልገባውም። እያነበበ ዓይኑ ከተከደነ በእርግጥም ደክሞታል። ለሦስቱም ዱላ መድኃኒት አይሆንም።

በሂሳብ እንጀምር፣ ብዙ ልጅ የሚሸሸው እሱን ነውና። ከ42 ላይ 17 ሲቀነስ ስንት ይቀራል ተብሎ ልጁ 35 ብሎ ጻፈ እንበል። ለምን 35 አለ? ከ2 ላይ 7 አይነሣም። ስለዚህ ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀነሰና 5 አለ። ከ4 ላይ 1 ቀነሰና 3 አለ። እንግዲህ ልጁ መቀነስ ያውቃል ማለት ነው። ያላወቀው መበደርን ነው። «ተሳስተሃል» ብቻ ብትሉት ነገም 35 ብሎ ይጽፋል።

ጭራሮ አምጡ። አሥር አሥሩን በልጥ እሰሩ። 42 ማለት አራት እስርና ሁለት ነጠላ ነው። አሁን «17 ስጠኝ» በሉት። ሰባት ነጠላ ይፈልጋል፤ ያለው ግን ሁለት ብቻ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ትንሽ ይጨነቅበት። ከዚያ አንዱን እስር ይፍታው። ነጠላው 12 ሆነ፤ እስሩ 3 ቀረ። ከ12 ላይ 7 ሲነሣ 5 ይቀራል። ከሦስቱ እስር አንዱ ሲነሣ ሁለት ይቀራል። መልሱ 25 ነው። ገበያ ላይ መልስ ሲጠፋ የአሥር ብር ኖት የምትዘረዝሩት እንዲሁ አይደል? ልጁ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጁ ከሠራ በኋላ በደብተሩ ይጻፈው።

ችግሩ ፊደል ላይ ከሆነ ደግሞ ገበታውን ከሀ እስከ ፐ አታስጩኹት። ፊደሉ 33 ሲሆን በሰባት በሰባት ሲቆጠር 231 ነው። ልጁ ይህን ሁሉ እንደ ዜማ ሊወርደው ይችላል፤ ከመካከል አንዱን ነጥላችሁ ስታሳዩት ግን ይጠፋበታል። በ እና ከ ይደባለቁበታል። የከን የጎን ቅጥያ በጣታችሁ አሳዩት። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ቀን ሲያርሱ ውለው ማታ ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ይህን ጣጣ ያውቁታል። እናንተም ያስቸገራችሁን ፊደል አትረሱም፤ ንገሩት። ልጅ አባቱም ይሳሳት እንደነበር ሲሰማ ልቡ ይከፈታል።

የደከመውን ልጅ በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው። ቀምሶ፣ ሳይመሽ ይጀምር። ሦስት ጥያቄ ይሥራ፤ ተነሥቶ ጥጃዋን አስሮ ይመለስ። ከመሸ መብራቱ፣ ኩራዝም ሆነ የፀሐይ መብራት፣ በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ልጅ በግራው በኩል ይሁን። ያን ጊዜ የእጁ ጥላ ጽሑፉን አይሸፍነውም።

ሴት ልጃችሁስ? እሷን «እምቢተኛ» የሚላት የለም፤ እምቢ የምትልበት ጊዜም አልተሰጣትምና። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ሕፃን አዝላ፣ ወጥ አማስላ ደብተሯን ስትይዝ ሌሊት ሆኗል። ወንድሟ ጀሪካኑን ቢሸከም ትከሻው አይሰበርም።

ያልሆነለትን ጥያቄ እናንተ ሠርታችሁ አትስጡት። መምህሩ ትክክለኛ መልስ ካየ ልጁ የገባው ይመስለዋል፤ ያልገባውም ሳይገባው ይቀራል። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ለአጨዳና ለውቂያ ከትምህርት ያስቀራችሁት ልጅ ያመለጠው ብዙ ነው። የክፍል ጓደኛውን ደብተር ተውሶ ይገልብጥ። ያላወቀውን ባዶ ይተወው። ከሥሩ በራሳችሁ እጅ «መምህር፣ እስከ 3ኛው ጥያቄ ሠርቷል፤ 4ኛው አልገባውም፤ እባክዎን ያስረዱት» ብላችሁ ጻፉ። ስማችሁንም ጽፋችሁ ፈርሙበት።