አየር መንገዱ ከረመ፤ ባለበቅሎውስ?

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ድንበር ሲያዘጋ ብዙዎቹ የዓለም አየር መንገዶች ፊታቸውን ወደየመንግሥታቸው አዞሩ። ጀርመን ለሉፍታንዛ የ9 ቢሊዮን ዩሮ ድጋፍ ሰጥታ 20 በመቶ ድርሻ ያዘች። አሜሪካ ለመንገደኛ አየር መንገዶቿ ሠራተኞች ደመወዝ 25 ቢሊዮን ዶላር መደበች፤ ቀነ ገደቡም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2020 ነበር። ኮንግረሱ «ይራዘም፣ አይራዘም» ሲከራከር ቀኑ አለፈና ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ያለ ደመወዝ ቤት አስቀመጡ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነው። ሆኖም በተወልደ ገብረማርያም ይመራ በነበረበት በዚያ ወቅት ከመንግሥት የነፍስ አድን ገንዘብ አልጠየቀም። የመንገደኛ በረራው አብዛኛው ሲቋረጥ ከ20 በላይ አውሮፕላኖች ወንበራቸው ተነቅሎ ጭነት ማመላለስ ጀመሩ። ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ አገራት የላከው የሕክምና ቁሳቁስም ወደየአገሩ የተሰራጨው ከቦሌ ነው። አየር መንገዱ በካርጎ ከረመ።

የሰሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችው የደባርቅ ከተማ ግን በካርጎ አትኖርም።

ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ ጎብኚ በዳባት በኩል አልፎ ደባርቅ ይገባል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ይከፍላል፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል፤ ተራ የደረሰው አስጎብኚ ይጠራል። ምግብ አብሳዩ ሽንኩርቱንና ፓስታውን ከገበያ ሸምቶ ይመጣል። ባለበቅሎው ድንኳኑንና ምድጃውን በገመድ ጠፍሮ ወደ ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ ይነዳል። ሒሳቡ በቀን ነው። ሰው ካልመጣ ክፍያ የለም፤ በቅሎዋ ግን መብላቷን አትተውም።

የደመወዝ ድጋፍ የደመወዝ መዝገብ ይፈልጋል፣ የባንክ ብድር ደግሞ ማስያዣ። ባለበቅሎው ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ ገንዘብ ቢፈቀድ እንኳ ሆቴሉና አስጎብኚ ድርጅቱ ዘንድ ደርሶ ይቆማል።

ችግሩም በኮሮና አላበቃም። ፓርኩ ለ21 ዓመታት ከቆየበት የዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ በ2009 ዓ.ም. ሲወጣ ከተማዋ ተስፋ ሰንቃ ነበር። ወረርሽኙ ሳይለቅ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በዓመቱ መጨረሻም ውጊያው ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲቀሰቀስ የጎንደር በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ለአንድ አየር መንገድ ጎንደር ከብዙ መዳረሻዎች አንዱ ነው፤ ለደባርቅ አስጎብኚ ግን ዋናው በር ነው።

ድጋፍ የሚያቅድ ሰው ከባዶ መጀመር አይኖርበትም። ሥራው በተራ ስለሚደለደል ማን በየትኛው ወር ስንት ቀን ተራራ እንደወጣ ማጣራት ይቻላል። የአሜሪካው ድጋፍ በደመወዝ ዝርዝር እንደተሰላ ሁሉ የደባርቁም በተራ ዝርዝር ሊሰላ ይችላል።